የትኛውን ፔፐር ላንብብ? መራጮቹን እናወዳድር

ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) የሆነ ወይም ማስተርሱን የሚሠራ ሰው ቴሌግራሙን ሲከፍት የጥናት ጽሑፍ ፒዲኤፍ ተከምሮ ይጠብቀዋል። ሁሉንም ማንበብ አይታሰብም። «ይቺን አንብብ፣ ያቺን ተዋት» የሚል አዋቂ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ የሚሠሩ አገልግሎቶች አሉ፤ አንዳንዱ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ በነጻ ነው። ኪሳችሁን ከመንካታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ለዩ። የቸገራችሁ «ምን ላንብብ?» የሚለው ነው ወይስ «ይሄን ልመነው?» የሚለው? ሁለቱንም እኩል የሚመልስ አላየሁም።

ከሚከፈልባቸው ውስጥ ስሙ የገነነው በ2002 እ.ኤ.አ. (ከታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ በፈረንጅ ናቸው) «ፋከልቲ ኦፍ 1000» ተብሎ በባዮሎጂ የጀመረው ነው። ሕክምና በ2006 ተጨመረ። ከዚያ ኤፍ1000 ፕራይም ሆነ፤ በ2020 ፋከልቲ ኦፒኒየንስ፣ በ2023 ደግሞ ኤች1 ኮኔክት ተባለ። ባለቤቱም ተቀያይሯል። እንዲህ ካለ አገልግሎት ጋር እኔ ብሆን የብዙ ዓመት ውል አልፈርምም።

አሠራሩ ግን ደስ ይላል። በመስካቸው አንቱ የተባሉ ሳይንቲስቶችና ሐኪሞች የወደዱትን ጽሑፍ ይመርጣሉ። ለምን እንደወደዱት በአጭሩ ይጽፋሉ፤ ስማቸውንም ያኖሩበታል። ከዚያ ኮከብ ይሰጣሉ፦ አንድ ከሆነ ጥሩ፣ ሁለት በጣም ጥሩ፣ ሦስት ልዩ። ልብ በሉ፣ ዝቅተኛው ማርክ «ጥሩ» ነው። የሚጥል ማርክ የለም። ስለዚህ ኮከብ የሌለው ጽሑፍ ወደቀ ማለት አይደለም፤ ምናልባት ከመራጮቹ አንዱም አላየውም። እኔ ከኮከቡ ይልቅ አብራው የምትመጣዋን አንቀጽ እመርጣለሁ። አንድ አንጋፋ ተመራማሪ ምን እንዳስገረመው ማወቅ ራሱ ትምህርት ነው። ኢንጂነር ወይም ኢኮኖሚስት ከሆናችሁ ግን እለፉት፤ ቤቱ የባዮሎጂና የሕክምና ነው።

በሽተኛ የምታዩ ከሆነ የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ኤቪደንስ አለርትስ ይሻላችኋል። ተመዝግባችሁ በነጻ ትጠቀማላችሁ። መጀመሪያ ባለሙያዎች ከ100 በላይ ጆርናሎችን አበጥረው በአሠራሩ የማይረባውን ይጥላሉ። የተረፈውን በሥራ ላይ ያሉ ሐኪሞች ሁለት ነጥብ ይሰጡታል፦ ለሥራዬ ምን ያህል ይሆነኛል? ምን ያህልስ አዲስ ነገር አለው? ሁለቱም እስከ 7 ይደርሳሉ። ሙያችሁን መርጣችሁ «ከዚህ ነጥብ በታች አትላኩልኝ» ማለት ትችላላችሁ። ለኔ ይሄ ማጣሪያ ከኮከቡ ይበልጣል፤ መጥፎውን ከበር ይመልሳላ!

ኢላይፍ የተባለው ጆርናል ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ቁጥሩንም ኮከቡንም ትቶ በቃል ይመዝናል። የግኝቱ ክብደት ከ«ጠቃሚ» ተነስቶ እስከ «ፈር ቀዳጅ» ይሄዳል። የማስረጃው ጥንካሬ ለብቻው ይለካል፤ እዚህ «ያልተሟላ» እና «በቂ ያልሆነ» የሚሉ ቃላትም አሉ። አንድ ጽሑፍ ጉዳዩ ትልቅ፣ ማስረጃው ግን ጎዶሎ ተብሎ በአደባባይ ይወጣል። እንዲህ በግልጽ የሚናገር ብዙ አይገኝም። ማንበቡም በነጻ ነው። ችግሩ የሚመዝነው ለራሱ የተላከለትን ብቻ ነው።

«ልመነው?» ለሚለው ጥያቄ ፐብፒርን ሳታዩ አትለፉ። በነጻ ነው፤ ሰዎች ስማቸውን ሳይገልጹም የታተመ ጽሑፍ ላይ ያዩትን እንከን ይጽፉበታል። በጥር 2014 ኔቸር በተባለው ጆርናል ላይ ወጥተው ዓለምን ጉድ ያሰኙት የጃፓን ስታፕ ሴል ጽሑፎች (ተራ ሴልን በቀላሉ ወደ ስቴም ሴል መቀየር ይቻላል ያሉት) ምስሎቻቸው እዚያ ጥያቄ ያስነሱት በሳምንታት ውስጥ ነው። በሐምሌ ተሻሩ። ብሮውዘራችሁ ላይ ብትጭኑት አስተያየት ያለበትን ጽሑፍ ራሱ ያሳያችኋል። ዝም ካለ ግን ጽሑፉ ንጹህ ነው ብላችሁ አትደምድሙ።

ስለ አንድ ጽሑፍ ሳይሆን ስለ አንድ ሕክምና መወሰን ካለባችሁ ኮክሬን አለ። ጥናቶቹን አንድ ላይ ሰብስቦ የማስረጃውን አስተማማኝነት «ከፍተኛ»፣ «መካከለኛ»፣ «ዝቅተኛ» ወይም «በጣም ዝቅተኛ» ይለዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁ መጀመሪያ የተቋማችሁን ላይብረሪ ስለ ሂናሪ ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር በ2002 የጀመረው ፕሮግራም ነው። ሌላ ቦታ በውድ የሚሸጡ ጆርናሎች በሱ በኩል ይከፈታሉ።

ምርጫዬን ካላችሁ፣ ክሊኒክ ውስጥ ላለ ሰው ኤቪደንስ አለርትስና ፐብፒር ይበቁታል። አምስት ሳንቲም አያወጣም። ከሙያው ወጣ ብሎ ማየት የሚወድ የላብራቶሪ ተመራማሪ ወይም በጀት ያለው ላይብረሪ ግን የኮከቡን ቤት ቢያስብበት አይከፋም። መጀመሪያ መሞከሪያ ጊዜ ይጠይቅ። ከዚያ ባለፈው ዓመት አንብቦ የጠቀሙትን አሥር ጽሑፎች እዚያ ይፈልጋቸው። አንድ ወይም ሁለት ብቻ ካገኘ ገንዘቡን ይያዝ።