የዕረፍት ቀን በወሎ፦ አቡነ ዮሴፍ ወይስ ሐይቅ?

የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ይሻላል ወይስ ሐይቅ የሚባለው ውሃ?

ወጪ፦ ሐይቅ ይረክሳል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በሚኒባስ ደርሶ መልስ ነው። ለአቡነ ዮሴፍ ግን ከላሊበላ መንገድ መሪ፣ በቅሎና ማደሪያ ያስፈልጋል።

ድካም፦ ተራራው ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ትንፋሽ ያጥራል፤ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጋቢ እንዳትረሱ! ጠዋት ግን ጭላዳ ዝንጀሮው ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ሣሩን በጣቱ እየነጨ ሲበላ፣ ከኋላው ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ ቆሞ ስታዩ ድካሙ ሁሉ ይረሳል። ከታደላችሁ ቀይ ቀበሮም ታያላችሁ።

ሐይቅ ዳር ደግሞ ትኩስ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በአዋዜ አለ። የእስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም፤ ቀድማችሁ እወቁት።

ከልጆችና ከእናት አባት ጋር ከሆነ ሐይቅ። ጉልበትና ሦስት ቀን ላለው አቡነ ዮሴፍ። ክረምት ላይ ግን ተራራውን ተዉት፤ ጭቃውና ጉሙ አያስኬድም።