የእባብ መሸጫው ሱቅ 2 ኮከብ፣ ሐኪሟ 5
ፍሎሪዳ ነው ያለሁት፣ የመርዛማ እባብ ላይሰንስ አለኝ (ሚስቴ እብድ ነህ ትለኛለች፣ ተዉት)። ከዱር የተያዘች የአፍሪካ እፉኝት "ጤነኛ ናት" ብለው ሸጡልኝ፣ ሳምንት ሳይሞላ አፏን ከፍታ መተንፈስ ጀመረች፣ አፏ ዳር ላይ እንደ እንቁላል ነጩ የሚዝለገለግ ነገር። ብርድ መስሎኝ ማሞቂያ ጨመርኩ፣ ሞኝ። የእንስሳት ሐኪሟ ግን ጭንቅላቷን ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገብታ ከሳንባዋ ፈሳሽ ወሰደችና ማይክሮስኮፕ ላይ አሳየችኝ፣ እጮቹ ሲወራጩ! ራብዲያስ የሚባል የሳንባ ትል ነው፣ እጩ ከካካዋ ጋር ወጥቶ እርጥብ አፈር ላይ ያድግና በቆዳዋ ወይ በአፏ ተመልሶ ይገባል፣ ስለዚህ ፌንቤንዳዞል (የትል መድኃኒት) ብቻውን አይበቃም አፈሩን አውጥተህ ጋዜጣ አንጥፍ ቶሎ ቶሎም ቀይር አለችኝ። ሱቁ ጋ ስደውል "የዱር እባብ ትል አያጣውም" አሉኝ፣ ታዲያ ከመግዛቴ በፊት አትነግሩኝም?