የከተማችን የፕላን ውይይትና የፕላን ክፍሉ አገልግሎት፦ ከ5 ኮከብ 3

የምኖረው በአንዲት የሰሜን ሸዋ ከተማ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በአዲሱ መዋቅራዊ ፕላን (የከተማው መሬት የቱ ለምን እንደሚውል በሚያሳየው ዋና ካርታ) ላይ ሕዝቡን ጠርቶ አወያይቶ ነበር። ውይይቱ ጥሩ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ያለው አገልግሎት ግን ብዙ ይቀረዋል።

ከጥሩው ልጀምር። ካርታው በትልቁ ታትሞ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ቢጫው መኖሪያ፣ ሐምራዊው ኢንዱስትሪ፣ አረንጓዴው የወንዝ ዳርና ፓርክ። አንድ አዛውንት ገበሬ ጠጋ ብለው "የኔ ማሳ የቱ ጋ ነው?" አሉ። ባለሙያዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ተነስታ መንገዱን በእስክሪብቶ እየተከተለች "አባቴ፣ ይሄው፣ አረንጓዴው ውስጥ ነው የገባው" አለቻቸው። ትንሽ አዩትና "ለሁሉም እኩል ከሆነ ይሁን፤ ካሳውስ?" አሉ። ለእኔ ከዚያ ስብሰባ ትልቁ ንግግር ይሄ ነው። ሰው ፕላን አይጠላም። የሚያንገበግበው የድሃው አጥር ሲፈርስ ባለገንዘቡ ወንዝ ዳር ፎቅ ሲያቆም ማየት ነው።

ደብረ ብርሃንን ያየ ይገባዋል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ከተመረቀ ወዲህ ከተማዋ ስትሰፋ እያየን ነው። ወደ እኛም እድገቱ እየመጣ ነው፣ ደስ ይለኛል። ግን ቀድሞ ካልተሰመረ ነገ ለመንገድም ለጎርፍ መውረጃም ቦታ አይኖርም፣ ከዚያ ሰው ቀለበት ሸጦ የሠራውን ቤት እያፈረሱ መንገድ ማውጣት ይመጣል።

አሁን ቅሬታዬ። ሁለት ክፍል ልጨምር ብዬ ለፕላን ስምምነት (ግንባታው ከከተማው ፕላን ጋር እንደሚስማማ ለሚሰጠው ማረጋገጫ) ብሄድ ባለሙያው የለም፣ "ነገ ና"። እሺ፣ ካርታውን ልየው ስል "ቢሮ ተቆልፎበታል" ተባልኩ። ደላሎቹ ግን ፎቶውን በስልካቸው ይዘው ይዞራሉ! ይሄ በጣም አናዶኛል። የከተማ ፕላን አዋጁ፣ 574/2000፣ ሕዝብ ይወያይበት ይላል፣ መዋቅራዊ ፕላን ደግሞ የሚያገለግለው 10 ዓመት ነው። 10 ዓመት የምንተዳደርበትን ካርታ ደላላ ከእኛ ቀድሞ ካየው የወንዝ ዳሩ መሬት ለማን እንደሚሸጥ ግልጽ ነው።

ለምትሄዱ፦ የይዞታ ካርታችሁንና መታወቂያችሁን ያዙ፣ በጠዋት ድረሱ፣ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገብታችሁ የመዝገብ ቁጥር ተቀበሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ያንን ካርታ በየቀበሌው በር ላይ ይለጥፍልን፣ ወጪው የአንድ ስብሰባ ውሃና ቆሎ አይሞላም።