ዘጠኝ የፈረስ ጉልበት በ1,570 ዶላር፦ የሚያታዬን ቴስታታ ያሠራሁበት ማሽን ሾፕ

የማዝዳ ሚያታ መኪናዬን ቴስታታ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን የሞተር ክፍል፣ በየካቲት መጨረሻ አስወርጄ ሜሪላንድ ውስጥ ወደሚገኝ፣ የሞተር ክፍሎች ወደሚሞረዱበትና ወደሚስተካከሉበት አንድ አነስተኛ ማሽን ሾፕ ወሰድሁት። ያሠራሁት ሥራ ፖርቲንግ የሚባለው ነው፤ ይኸውም አየርና ነዳጅ ወደ ሲሊንደር የሚገቡባቸውን፣ የተቃጠለውም ጋዝ የሚወጣባቸውን መተላለፊያዎች በእጅ እየሞረዱ ቅርጻቸውን ማስተካከል ነው። ሥራው እጅግ ያማረ፣ አገልግሎቱ ግን በሦስት ነገር ያስከፋኝ ስለ ሆነ የቤቱን ስም ሳልጠራ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

መኪናው እ.ኤ.አ. የ1995 ሥሪት፣ ባለ 1.8 ሊትር፣ ከፋብሪካ ሲወጣ 128 የፈረስ ጉልበት የነበረው ነው። ማርሚታውንና የሞተሩን ኮምፒውተር ቀድሜ ቀይሬለት ስለነበር ዳይኖ በሚባለው የጉልበት መለኪያ ማሽን ላይ ሲወጣ ከኋላ ጎማዎቹ 118 የፈረስ ጉልበት ይለካ ነበር። በዓመት ጥቂት ጊዜ ዌስት ቨርጂኒያ ወዳለው ሰሚት ፖይንት የመኪና መሮጫ እወስደዋለሁ፤ መታጠፊያ ላይ ማንንም አያፍርም፣ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ ሲደርስ ግን ሞተሩ በደቂቃ ከ5,500 ዙር በኋላ ትንፋሽ ያጥረው ነበር። ጩኸቱ ይጨምራል፣ ጉልበቱ አይጨምርም።

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ስሌት ይበቃል። ሞተሩ በደቂቃ 7,000 ዙር ሲዞር እያንዳንዱ የአየር ማስገቢያ ቫልቭ (መተላለፊያውን የሚከፍተውና የሚዘጋው በር) በሰከንድ 58 ጊዜ ያህል ይከፈታል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ክፍት ሆኖ የሚቆየውም ከሰከንድ ሺኛ ስድስቱን ያህል ብቻ ነው። አየሩ በዚያች ቅጽበት መተላለፊያውን አቋርጦ፣ ቫልቩ ሥር ያለውን መታጠፊያ ዞሮ፣ ሲሊንደሩን መሙላት አለበት። ብዙ ሰው ማኒፎልዱ (አየሩን ወደ ቴስታታው የሚያደርሰው የቱቦዎች ስብስብ) ሲወልቅ የሚያየው ሰፊው አፍ ስለ ሆነ እርሱን በማስፋት ጉልበት የሚገኝ ይመስለዋል፤ አየሩን የሚያንቀው ግን ከዐይን የተሰወረው፣ ከቫልቩ መቀመጫ በስተኋላ ያለው ጉሮሮ ነው። አፉ ያለ ልክ ከሰፋ አየሩ ፍጥነቱን ያጣና ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ይደነዝዛል። ቶዮታ በስመ ጥሩው 4ኤ-ጂኢ ሞተሩ ላይ ያደረገው ጥሩ ማስረጃ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ቴስታታዎች መተላለፊያቸው እጅግ ሰፊ ስለነበር በዝቅተኛ ዙር ግማሾቹን መንገዶች የሚዘጋ መሣሪያ ተገጥሞላቸው ነበር፤ በኋላ ግን ኩባንያው መተላለፊያውን አጥብቦ መሣሪያውን አስወጣው፣ እመቃውንም ከፍ አደረገው፣ የሞተሩም ጉልበት ጨመረ።

ወደዚህ ቤት የሳበኝ ባለቤቱ ይህን የተረዳ ሰው መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት የደወልሁላቸው ሁለት ቤቶች የጠየቁኝ «ስንት የፈረስ ጉልበት ትፈልጋለህ?» ብለው ነበር፤ እርሱ ግን በየትኛው ዙር እንደምነዳ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ የፋብሪካው እንደ ሆነና በመኪናው ሥራ እሄድበት እንደ ሆነ ጠየቀኝ። ትልልቅ ቫልቭ እንዲያስገባልኝ ሳነሣበት በዚያ ካምሻፍት ገንዘብ ማባከን ነው ብሎ እምቢ አለኝ። ገንዘብ ይዞ የመጣን ደንበኛ እምቢ የሚል ባለሙያ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ጠረጴዛው ላይ በመጋዝ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ከእኔው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ቴስታታ አለው። በአየሩ መተላለፊያና በራዲያተሩ ውኃ መንገድ መካከል ያለው የአልሙኒየም ግድግዳ የት ላይ ወፍራም፣ የት ላይ ስስ እንደ ሆነ በዚያ አሳየኝ፤ ስሱ ቦታ ላይ ሞረዱ ትንሽ ካለፈ ውኃው ወደ ሲሊንደር ይገባል፣ ቴስታታውም ይጣላል። ከዚያ የእኔን ቴስታታ ገልብጦ ትንሿን ጣቴን በቫልቩ መቀመጫ በኩል እንድከት ነገረኝ። የፋብሪካው ማሽን የቆረጠው ክፍል ከቀለጠው አልሙኒየም ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ እንደ ተቀደደ ቆርቆሮ የሚሻክር ጠርዝ ዙሪያውን አለ። አየሩ ለሠላሳ ዓመት ገደማ የተጋጨው ከዚህ ጋር ነበር።

ሥራውም በአብዛኛው ያንን ጠርዝ ማጥፋት ነበር። የማስገቢያው ቫልቭ ስፋት 33 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጉሮሮውን የቫልቩን 87 በመቶ ያህል፣ ማለትም ወደ 28.7 ሚሊ ሜትር አድርሰውታል። በዘርፉ ከ85 እስከ 90 በመቶ የተለመደ ስለ ሆነ ይህ ድፍረትም ፍርሃትም የሌለበት መጠን ነው። የቫልቩ ዘንግ የሚያልፍበትን ጉብታ አየሩን እንዲከፍል ሹል አድርገው ቀርጸውታል፤ የመታጠፊያውን ውስጠኛ ጎን፣ አየሩ በፍጥነት ሲዞር ከግድግዳው የሚላቀቅበትን ቦታ፣ ክብ አድርገውታል። መቀመጫው በሦስት ማዕዘን ተቆርጧል፤ ቫልቩ የሚያርፍበት 45 ዲግሪ ሲሆን ከላይና ከታች ያሉት አየሩን ያለሰልሳሉ። አፉን ከማጽዳት በቀር አልነኩትም ማለት ይቻላል። እኔ በግሌ የሥራውን ጥራት የለካሁት ባልነኩት ነገር ነው።

በየማስታወቂያው እንደ መስታወት የሚያበራ መተላለፊያ አይተው ይህም እንደዚያ እንዲሆን የሚጠብቁ ሰዎች ያዝኑ ይሆናል። የማስገቢያው ግድግዳ በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት እንደ ተጠረገ ነው እንጂ አያበራም፤ ይህም ሆን ተብሎ ነው፣ ምክንያቱም ነዳጁ ለስላሳ ግድግዳ ላይ እንደ ጤዛ ይንጠባጠባል፣ ትንሽ የሚሻክር ግድግዳ ላይ ግን ከአየሩ ጋር ተደባልቆ ይሄዳል። ካርቦን እንዳይለጠፍበት የተወለወለው መውጫው ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የጋራዥ ፈጠራ እንዳይመስል፣ ሆንዳ ራሱ በ1990ዎቹ ለሸጠው ኢንቴግራ ታይፕ አር የማስገቢያ መተላለፊያዎቹን በፋብሪካ ሠራተኞች እጅ ያስሞርድ ነበር፤ አሜሪካ በመጣው ሥሪት 1.8 ሊትሩ ሞተር 195 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር።

ከቴስታታው ጋር የተሰጠኝ ወረቀት ከገንዘቤ ግማሹን ያወጣል። የአየር ፍሰቱ ከሥራው በፊትና በኋላ፣ ቫልቩ ከትንሽ አከፋፈት እስከ ትልቁ በስድስት ደረጃ ሲነሣ፣ በ28 ኢንች የውኃ ግፊት ተለክቶ ተጽፏል። ትልቁ ለውጥ የታየው ቫልቩ ገና ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲነሣ ነው፤ ቫልቭ ሲከፈትም ሲዘጋም ሁለት ጊዜ በዚያ ደረጃ ስለሚያልፍ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ጫፍ ላይ ያለውን አንድ ትልቅ ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ማሽን ሾፕ ካጋጠማችሁ የቀረውን ረድፍ ጠይቁ። አራቱም የቃጠሎ ክፍሎች በላያቸው ፕላስቲክ ተገጥሞ በጠብታ መለኪያ ተሞልተው ሲለኩ ልዩነታቸው ከ0.3 ሲሲ አልበለጠም። የመውጫው መተላለፊያ ከሥራው በፊት ያልተለካ በመሆኑ ግን እዚያ ላይ ምን እንዳተረፍሁ ማወጅ አልችልም።

አሁን ወደ ቅሬታው። ሦስት ሳምንት ተባልሁ፤ ስምንት ሳምንት ፈጀ። በመካከሉ ሁለት ጊዜ ደውዬ መልስ አላገኘሁም፣ የሚያዝያ የመጀመሪያው የመሮጫ ቀኔም አመለጠኝ። ዋጋው 1,380 ዶላር ተብሎ ሳለ የቫልቭ ዘይት ማገጃ ጎማዎችና ጋስኬቶች በዚያ ውስጥ እንደማይካተቱ የሰማሁት ለመውሰድ ስሄድ ነው፤ 190 ዶላር ጨመርሁ። እነዚህ የሚቻሉ ነበሩ። ሦስተኛው ግን ቀላል አይደለም።

ሞተሬን የሚያወርዱልኝና የሚያወጡልኝ ቀድሞ አዲስ አበባ በሙያው የኖሩ፣ አሁን ቨርጂኒያ የሚኖሩ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ታጥቦ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የመጣን ዕቃ አያምኑም። መጀመሪያ መተላለፊያዎቹን ወደ ላይ አዙረው ቤንዚን ሞሉባቸው፤ ሩብ ሰዓት ጠብቀው በባትሪ መብራት ከሥር ሲያዩ አንዱም ቫልቭ አልረጠበም። «መቀመጫው ንጹሕ ነው፣ እጁ ይባረክ» አሉ። ቀጥለው ቀጭን የሽቦ ብሩሽ ወደ ዘይቱ መተላለፊያ ሰደዱና ሲያወጡት ጫፉ ላይ የሚያብረቀርቅ የአልሙኒየም ፍቅፋቂ ይዞ ወጣ። ብሩሹን አፍንጫዬ ሥር አስጠጉልኝ። «ይኸውልህ ልጄ፣ ይኼን ያጠበ ሰው ውጪውን ነው ያጠበው።»

የዚህ ዘመን ሚያታ የቫልቭ መግፊያዎቹ በዘይት ግፊት የሚሠሩ ስለ ሆኑ ያ ፍቅፋቂ ሞተሩ በተነሣ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ሊዘጋቸው፣ ካምሻፍቱንም ሊጭር ይችል ነበር። ፎቶ አንሥቼ ለማሽን ሾፑ ላክሁ። ባለቤቱ በዚያው ቀን ደውሎ ሳያመካኝ ይቅርታ ጠየቀ፣ መልሰው እንደሚያጥቡትም ነገረኝ፤ ሌላ ሳምንት መጠበቅ ስላልፈለግሁ ከጋሼ ጋር ራሳችን አጠብነው፤ እርሱም ሳልጠይቀው ቀጥሎ ለማሠራው ሥራ 100 ዶላር እንደሚቀንስልኝ ጻፈልኝ። ይህ ስሕተቱን አይሽረውም፣ ሰውዬውን ግን ከሌሎች ይለየዋል።

መኪናው ተገጥሞ፣ ኮምፒውተሩ ተስተካክሎ እዚያው ዳይኖ ላይ ሲወጣ 127 የፈረስ ጉልበት ለካ። ጭማሪው ዘጠኝ ነው፤ በዶላር ሲመነዘር አንዱ የፈረስ ጉልበት 174 ዶላር ገደማ ፈጅቷል። ቁጥሩን ብቻ ለሚያይ ሰው ይህ ውድ ነው፣ በዚህ ገንዘብ ጥሩ ጎማ ቢገዛ መሮጫው ላይ ከኔ የበለጠ ያተርፋል። ነገር ግን ዳይኖው የሣለው የጉልበት መስመር ከ3,000 ዙር በታች ከድሮው ጋር ተደራርቦ ይሄድና ከ5,000 በላይ እየራቀው ይወጣል፤ ቀድሞ በ6,000 ዙር ማርሽ እቀይር የነበርሁት አሁን እስከ 7,000 የምጎትትበት ምክንያት አለኝ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ይህ በደንብ ይሰማል።

ቴስታታቸው አስቀድሞ የተበላሸ የ1994–1997 ባለ 1.8 ባለቤቶች ግን ከመሞረድ በፊት ሌላውን መንገድ ያስቡ። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ቴስታታ የማስገቢያ መተላለፊያዎቹ ቀና ብለው ከፍ ያሉ ስለ ሆኑ ሳይሞረድ፣ ከፋብሪካ እንደ ወጣ፣ ከድሮው የተሻለ ይተነፍሳል። የራሱን ማኒፎልድ ይፈልጋል፣ ጥቂት የሽቦ ሥራም አለበት። እንዲያም ሆኖ ከመኪና መፈታቻ ግቢ በደህና ዋጋ ከተገኘ የፖርቲንጉን ገንዘብ በእርሱ ላይ ማዋል ይሻላል ባይ ነኝ።

እኔም አንድ እንዲህ ያለ ቴስታታ አግኝቼ ጋራዤ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ለዚያው ቤት እሰጠዋለሁ፤ በየካቲት ሳይሆን በኅዳር፣ ሁሉም መኪናውን ሸፍኖ ባስቀመጠበት ወር። የዋጋውን ዝርዝር አስቀድሜ በጽሑፍ እቀበላለሁ፣ የመውጫውም ፍሰት ከሥራው በፊት እንዲለካ እጠይቃለሁ። ሲመለስም የጋሼ ብሩሽ ሳያልፍበት ሞተር ላይ አይወጣም።