ለቆሸሸ ታይፕ የቱ ይሻላል? ላምባ፣ አልኮል፣ ቤንዚን ወይስ የሲንጀር ዘይት

ስንት ማመልከቻ የተጻፈበት የድሮ የአማርኛ ኦሊቬቲ ታይፕ (የጽሕፈት መኪና) ገዝታችሁ ቤት አስገባችሁ እንበል። ቁልፉን ስትመቱት ፊደሉ ይነሳል፤ ግን ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ አይመለስም። ድሬዳዋ ውስጥ ይህን ያየ ሰው ሁሉ ምክሩ አንድ ነው፦ «አቦ፣ ዘይት አጠጣው!»

እኔም የመጀመሪያውን ታይፔን ዘይት አጠጥቼው ነበር። ሦስት ቀን እንደ አዲስ ሠራ። ከዚያ የሠፈሬ የከዚራ አቧራ ዘይቱ ላይ ተለጠፈና ጭራሽ ጭቃ ሆኖ ያዘው። የሚጣበቅ ታይፕ ብዙውን ጊዜ የቆሸሸ እንጂ ዘይት የጠማው አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የምትገዙት ማጽጃ ይሁን።

ችግሩ ያለበትን ቦታ ለማየት ክዳኑን አንሱት። ፊደል የተሸከሙት ቀጫጭን ብረቶች የታችኛው ጫፋቸው አንድ ግማሽ ክብ ብረት ውስጥ ተሰክቷል። እያንዳንዱ የራሱ ጠባብ ስንጥቅ አለው። የዓመታት ዘይት፣ አቧራና የላጲስ ፍርፋሪ የሚጋገረው እዚያ ነው። ማንኛውንም ፈሳሽ ከማፍሰሳችሁ በፊት ደረቁን ቆሻሻ በቀለም ብሩሽ አራግፉ። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋትም ይቻላል፤ ግን ከራቅ ብሎና በቀስታ ይሁን። ትንንሾቹ ሞላዎች ከቦታቸው ከወጡ መመለሳቸው መከራ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ቆሻሻው ተጋግሮ የጠነከረ ከሆነ እኔ ላምባ እመርጣለሁ። ቶሎ ስለማይተን የደረቀውን ዘይት ለማላላት ጊዜ ያገኛል። በጥርስ ብሩሽ ትንሽ ቀቡት፣ ቁልፉን ደጋግማችሁ ምቱ፣ ጥቁሩ ሲወጣ በጨርቅ ጥረጉ። ጉድለቱ ስስ ቅባት ትቶ መሄዱ ነው፤ ያ ቅባት ደግሞ አቧራ ይጠራል። ሽታውም ቀናት ይቆያል።

አልኮል የዚህ ተቃራኒ ነው። ይተናል፣ ምንም አይተውም። ፋርማሲ ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 70 ፐርሰንት የሚለው ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ነው፣ ለብረት አይመከርም። ከ90 በላይ የሆነውን ጠይቁ። የድሬ ሙቀት ግን ሥራውን ሳይጨርስ ያተነዋል፤ ማልዳችሁ ሥሩ። የታይፑን አካል ቀለምም ሊያነሳ ስለሚችል መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሩት።

ቤንዚን ከሁለቱም በላይ ያጸዳል የሚሉ አሉ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ቤት ውስጥ አላስገባውም። ትነቱ ራቅ ካለ እሳት ጋር ይያያዛል። ጀበና ከሰል ላይ በተጣደበት ግቢ ቤንዚን መክፈት ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። ላምባና አልኮልም ቢሆኑ ከእሳት ርቀው፣ ንፋስ ባለበት ይሁኑ። አሴቶንን ጨርሶ እርሱት፣ የፕላስቲክ ቁልፎችን ያቀልጣል።

የሚረጨውን ደብሊው ዲ 40 ብዙ ሰው እንደ ዘይት ያየዋል። ስሙ ራሱ ግን «ውሃ ማባረሪያ፣ 40ኛ ቅመም» ማለት ነው፤ በ1953 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የተሠራው እርጥበት ከብረት ላይ እንዲያባርር ነው። ታይፕ ላይ የሚተወው ስስ ሽፋን ውሎ አድሮ ያጣብቃል። ገንዘባችሁን አታውጡበት።

የሲንጀር፣ ማለትም የልብስ ስፌት መኪና ዘይት፣ ተራው መጨረሻ ላይ ነው። የምወደው ሐረር ጁገል፣ መኪና ግርግር ከልብስ ሰፊዎቹ ሠፈር የምገዛውን ነው። ውሃ የመሰለ ቀጭን ዘይት ነው። አንዱ ሰፊ ሲሸጥልኝ «አቦ፣ ጠብታ ነው እንጂ እንዳታፈስበት» ብሎኝ ነበር። ልክ ነው። በስቴኪኒ ጫፍ እየነካችሁ፣ ወረቀት ያዡ ክፍል ግራ ቀኝ የሚሄድበት ሐዲድ ላይ ብቻ አድርጉ። ያ ግማሽ ክብ ብረት ዘይት አይንካው፤ ደርቆ ነው የሚሠራው።

የአማርኛ ታይፕ የያዘ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት። ካዕብና ሣልሱ የሚወጣው ፊደሉ ላይ ቅጥያ (ድምፁን የምትለውጠው ትንሽ ጭረት) እየተመታ ስለሆነ፣ አንዷ ቅጥያ ከተጣበቀች ቃሉ ሁሉ ይበላሻል። ከቅጥያዎቹ ጀምሩ። ከዚያ የፊደሎቹን ፊት እዩ። «መ» ሁለቱ ዓይኖቿ በቀለም ተደፍነው ሁለት ጥቁር ነጥብ ሆነው ይወጣሉ። «ወ» እና «ፀ»ም እንዲሁ። አልኮል የነካ የጥርስ ብሩሽ ካልበቃ በስቴኪኒ ፈልቅቁ፤ መርፌ ይጭራል። መፋቂያም ጫፉ በደንብ ከተፈተለ ግሩም ብሩሽ ይወጣዋል።

አንድ ብቻ ለመግዛት አቅም ያለው ሰው አልኮሉን ይግዛ። ተጋግሮ የያዘ ከሆነ ግማሽ ሊትር ላምባ ይጨምርበት፤ በላምባ አላልቶ በአልኮል ይጨርስ። ዘይቱን ሐረር ስትወጡ ትደርሱበታላችሁ። አልኮሉ ሲደርቅ ወረቀት አስገቡና አንድ መስመር ሙሉ «መመመመ» ብላችሁ ምቱ። ዓይኖቹ ተከፍተው ከወጡ ሥራው አልቋል።