ሲም የሌለው ታብሌት መንገድ ይመራል ወይ? አይፓድና አንድሮይድ በጂፒኤስ ሲመዘኑ

ጂፒኤስ ከሲም ካርድ ጋር ዝምድና የለውም። ታብሌቱ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት ይቀበላል እንጂ ወደ እነሱ የሚልከው ነገር የለም። አራቱን ካገኘ ያለ ኢንተርኔት ቦታውን ያሰላል። ዋናው ነገር መቀበያው መጀመሪያውኑ ተገጥሞለታል ወይ ነው።

አይፓድ ብዙ ሰው የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ዋይፋይ ብቻ ያለው ሞዴል የጂፒኤስ መቀበያ የለውም። ቤት ውስጥ ካርታው ላይ ያሉበትን የምታሳየው ሰማያዊ ነጥብ ቦታዋን ስለማትስት ያለው ይመስላል፤ የሚገምተው ግን በአቅራቢያው ካሉ ራውተሮች ነው። ከከተማ ሲወጡ ነጥቧ ባለችበት ትቀራለች። ሲም የሚቀበለው ሞዴል ሲም ባይገባበትም ጂፒኤሱ ይሠራል፤ ለመንገድ ከሆነ የዋጋ ጭማሪው ያዋጣል። የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤስ ግን ዋይፋይ ብቻ የሆነውም ጂፒኤስ አለው፣ በዚህ አይፓድን ይበልጣል። በርካሽ ታብሌቶች መግለጫ ላይ «ጂፒኤስ» የሚል ካልተጻፈ የለውም ብሎ ማለፍ ነው።

ያለ ኢንተርኔት የሚያሰለቸው የመጀመሪያው ጥበቃ ነው። ስልክ የሳተላይቶቹን መገኛ ከኔትወርክ ወዲያው ያወርዳል፤ ታብሌቱ ግን በሰከንድ 50 ቢት ብቻ ከሚያስተላልፍ ምልክት ይለቅማል። የእያንዳንዱ ሳተላይት የምሕዋር መረጃ በየ30 ሰከንዱ ይደገማል፤ መሃል ላይ ሕንፃ ከጋረደው ቀጣዩን ዙር መጠበቅ ግድ ነው። ለሳምንታት ጠፍቶ የከረመ ከሆነ ከ10 ደቂቃ በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ዋይፋይ እያለ ማፑን ይክፈቱ፣ ከዚያ ሰማይ በሚታይበት ቦታ ሳይንቀሳቀሱ ትንሽ ይጠብቁ። የተነበበው መረጃ 4 ሰዓት ያህል ስለሚያገለግል፣ ለምሳ ቆመው ሲመለሱ በሰከንዶች ውስጥ ያገኛል። መኪና ውስጥ ከፊት መስታወት ሥር ያድርጉት፤ የብረት ቅብ ያለው መስታወት ግን ምልክቱን ያፍናል።

«ጂፒኤሱ አይሠራም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ነጥቧ ባዶ ግራጫ ስክሪን ላይ ስትሄድ ነው። ጂፒኤሱ እየሠራ ነው፤ የጠፋው ካርታው ነው። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ የተባሉት መተግበሪያዎች ቀድሞ የወረደ ካርታ ይዘው ያለ ኢንተርኔት መንገድ ያወጣሉ። ጎግል ማፕስም ካርታ ያስወርዳል፣ ሆኖም ከመስመር ውጭ የሚመራው ባለመኪናን ብቻ ነው፤ እግረኛ አይጠቀምበትም፣ የመንገድ መጨናነቅም አያሳይም።

ዋይፋይ ብቻ ያለውን አይፓድ አስቀድሞ ለገዛ፣ እንደ ጋርሚን ግሎ 2 ያለ የብሉቱዝ መቀበያ አለ፤ ቦታን በሰከንድ 10 ጊዜ ያድሳል። ለአንድሮይድ ብቻ ተብሎ የተሠራ የብሉቱዝ መቀበያ ግን ከአይፓድ ጋር አይግባባም፤ አፕል የፈቀደው መሆኑን ካርቶኑ ላይ አይተው ይግዙ። መቀበያው ቻርጅ የሚደረገውም ለብቻው ነው።