ባህርዳር ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ "ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ እናርገው" ለሚላችሁ ሻጭ ብር እንዳትሰጡ

ሰላም የባህርዳር ልጆች። ይሄን ነገር መጻፍ አልፈለግኩም ነበር፣ የራስን ሞኝነት አደባባይ ማውጣት ደስ አይልም፣ ግን ባለፈው ሳምንት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የኔ ብር የቀለጠበት ቤት ድጋሚ ለሽያጭ ቀርቦ አየሁት። ያው ሰማያዊ የብረት በር፣ ያችው ጓሮ ያለች ማንጎ፣ ከስሩ "ከጣና በእግር 10 ደቂቃ፣ ከእዳና እገዳ ነፃ፣ ዋጋ በድርድር" ይላል። እንዴት ዝም እላለሁ? የሻጩንም የደላላውንም ስም አልጠራም፣ ነገሩ ገና ፍርድ ቤት ነው፣ ደግሞ ስም ብጠራ ነገ ሌላ ስም ይዘው ይመጣሉ፣ አሰራሩን ብታውቁት ይበልጣል።

እኔ እዚህ ከተማ 9 አመት ተከራይ ነኝ፣ ከቀበሌ 14 እስከ ድፖ እቃ ያላወረድኩበት ሰፈር የለም። እህቴ ከአረብ አገር የላከችውና እኔ በእቁብም በምንም ያጠራቀምኩት ሲደመር ቤት የሚሆን ነገር ሲሞላልኝ ደላላ ያዝኩ። መጀመሪያ አባይ ማዶ ነበር ሀሳቤ፣ ደላላው ሳቀብኝ፣ "እህቴ፣ አዲሱ ድልድይ በ2016 ግንቦት ከተመረቀ ወዲህ እዛ መሬት አይቀመስም" አለና ወደ ሐይቁ በኩል ወሰደኝ። 150 ካሬ፣ ሶስት ክፍል ብሎኬት፣ ካርታ አለው፣ 3.8 ሚሊየን። አጠገቡ ያለው ተመሳሳይ ቤት ከ4.5 በታች አይባልም ነበር። ለምን ረከሰ ስል ቪዛው ደርሶለት ቸኩሎ ነው ተባልኩ። ረከሰ ሲባል ደስ ከሚለው ሰው አንዷ ነኝ በቃ።

ሰውየው አላገባሁም አለ፣ ከወሳኝ ኩነት የወጣ ያላገባ ማስረጃም አሳየኝ፣ ማህተሙ እውነተኛ ነው። ቤቱን እያየሁ ኩሽና ስገባ ምጣዱ ላይ እጄን ጣል ባደርግ ሙቅ ነው፣ ማሰሻው አጠገቡ ተጥሏል፣ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የሴት ነጠላ ተንጠልጥሏል። ለብቻው የሚኖር ወንድ በማክሰኞ ጠዋት እንጀራ ሲጋግር አስቡት እስቲ። "እህቴ መጥታ ነው" አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። እስካሁን ማታ ስተኛ የሚመጣብኝ ፍርድ ቤቱ ምናምን አይደለም፣ ያ ምጣድ ነው።

ቀብድ 300 ሺህ በእጅ ሰጠሁት፣ ደረሰኝ የለም፣ ደላላው ምስክር ነው ተባለ። ከዛ ውል ልንዋዋል ስንል ነው ዋናው ነገር የመጣው። "ውሉ ላይ 1.2 ሚሊየን ብለን እንጻፈው፣ ትክክለኛውን ከጻፍን አንቺም በአሹራ፣ በስም ማዛወሪያው ክፍያ፣ ትጎጃለሽ እኔም ግብር ይመጣብኛል፣ ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው" አለ። እውነት ለመናገር ሁሉም ሰው እንደዚህ እንደሚያደርግ እኔም ሰምቻለሁ፣ ስለዚህ እንደ ብልጠት ነው የቆጠርኩት፣ መንግስትን የሸወድኩ መስሎኝ። 1.2ቱን በባንክ ወደ አካውንቱ አስገባሁ፣ 1.7ቱን "በአካውንት ከገባ ጥያቄ ያመጣል" ስላለ ቀስ በቀስ ከባንክ እያወጣሁ ቤት ያጠራቀምኩትን በማዳበሪያ ይዤ ሄድኩ። አንድ ሱቅ ጀርባ ቁጭ ብለን ቆጠርነው፣ በ200 ብር ኖት 85 እስር። እየቆጠርን ሻይ ታዘዘልኝ። 600 ሺው ስም ሲዛወር ይከፈላል ተባባልን። ውልና ማስረጃ ገብተን ስንፈርም ውሉ ላይ ያለው ዋጋ 1.2 ሚሊየን፣ "ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል" ይላል። ፈረምኩ።

ስም ዝውውሩ ዛሬ ነገ እየተባለ ሁለት ወር ከምናምን ሆነው፣ አንድ ቀን ከፍርድ ቤት መጥሪያ ደረሰኝ። ከሳሿ ሚስቱ ናት፣ የልጆቹ እናት። ያላገባ ማስረጃውን ያወጣው ሌላ ቦታ ሄዶ ነው፣ ጋብቻው የተመዘገበው ሌላ ቦታ፣ አንዱ ቢሮ የሌላውን አያውቅ። በክልላችን የቤተሰብ ህግ፣ አዋጅ 79/1995፣ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም፣ ስለዚህ ውሉ ፈረሰ። እሺ ይፍረስ፣ ብሬን መልሱልኝ አልኩ። ሲፈርስ ሁሉም ወደነበረበት ይመለስ ነው የሚባለው፣ ቤቱ ለእነሱ፣ ብሩ ለኔ። ስንት ብር? ውሉ ላይ ያለው 1.2 ሚሊየን። ቀሪው 2 ሚሊየንስ? ጠበቃዬ መነፅሩን አውልቆ "አንቺ፣ የጽሁፍ ውል እያለ ከጽሁፉ ውጪ ይህን ያህል ከፍያለሁ ብለሽ በምስክር ልታስረጂ ነው? ደግሞ ምን ብለሽ፣ ግብር ለመቀነስ ዋሽተን ነበር ብለሽ?" አለኝ። ደላላው ምስክር ሁን ስለው ስለ ብሩ አላየሁም አለ። ሻይ ያዘዘልኝ ራሱ እኮ ነው።

ባልና ሚስቱ ተመካክረው ያደረጉት ነው ብዬ ማስረዳት አልችልም፣ ግን አሁን ቤቱ ድጋሚ ሲወጣ ሳይ የማስበውን አስባለሁ።

እና እባካችሁ፣ ዋጋ ዝቅ እናርግ ያላችሁ ሰው ቅናሽ እየሰጣችሁ አይደለም፣ ነገ ውሉ በማንኛውም ምክንያት ቢፈርስ ለናንተ የሚመልሰውን ብር ነው ዛሬ እየወሰነ ያለው። ሚስት ብቻ አይደለችም፣ ወራሽ ሊመጣ ይችላል፣ ባንክ ሊመጣ ይችላል። አሹራው ይከፈል፣ የከፈላችሁት ብር በሙሉ ውሉ ላይ ይቀመጥ። ብሩ ደግሞ ካርታው ላይ ስሙ ወዳለው ሰው አካውንት ይግባ፣ ወደ ወንድሙ ወደ ደላላው አይደለም፣ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ "የቤት ሽያጭ ክፍያ" ብላችሁ አስጽፉና ስሊፑን አስቀምጡት። የፍትሐብሔር ህጉ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሁፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ስልጣን በተሰጠው አካል ፊት ይደረግ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ደላላ ቤት ሶስት ምስክር አስፈርሞ የሚሰጣችሁን ወረቀት እንደ ውል አትቁጠሩት። ቀብድም ስትሰጡ ወረቀቱ ላይ "ቀብድ" የሚል ቃል ይኑር፣ ምክንያቱም በህጉ ሰጪው ቢቀር ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ቢቀር ግን እጥፍ ነው የሚመልሰው፣ ሻጮች ይሄን ስለሚያውቁ "ቅድሚያ ክፍያ" ብለው ሊጽፉላችሁ ይሞክራሉ።

እዳና እገዳውን ሻጩ ባመጣው ወረቀት አትመኑ፣ ሻጩን ይዛችሁ ክፍለ ከተማው መሬት ቢሮ ሂዱና ፋይሉ ሲገለጥ አጠገቡ ቁሙ፣ የሊዝ ከሆነ ስንት አመት ክፍያ እንደቀረው እዛው ጠይቁ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው ላይ መሸጥ የሚለው በግልፅ መጻፍ አለበት፣ "ንብረቴን ያስተዳድርልኝ" የሚል ጠቅላላ ውክልና ለሽያጭ አይሆንም፣ ደግሞ አለመሻሩን ከሰጠው ቢሮ አጣሩ። ስለ ትዳሩ ግን ከየትኛውም ወረቀት በላይ ሰፈሩን ጠይቁ። እኔ መጥሪያው ከመጣ በኋላ ነው እዛ ሰፈር ጥግ ላይ ቡና የምታፈላዋን እትዬ የጠየቅኳት፣ "የቱ? የዛች የምስኪኗ ባል?" አለችኝ። በ20 ብር ቡና የሚገኝ መረጃ ነበር እኮ።

ሌላው፣ ቤቱ ቢፀናልኝ ኖሮ እንኳን ሌላ ጉድ ነበረው። እኔ ያየሁት መጋቢት ላይ ነው፣ መጋቢት ላይ ባህርዳር ውስጥ እርጥብ ቤት የለም። ጣና ከፍ የሚለው ዝናቡ ካባራ በኋላ መስከረም ጥቅምት ላይ ነው፣ ዝቅ የሚለው ግንቦት ሰኔ አካባቢ፣ ከሐይቁ ዳር ድሮ ደንገል የነበረበት ረግረግ ላይ የተሰራ ቤት ደግሞ ከስር ውሀው አብሮ ይወጣል። ለፍርድ ቤቱ ጉዳይ መስከረም ላይ ስሄድ የግድግዳው ታች እስከ ጉልበቴ ድረስ ጠቁሯል፣ ቀለሙ እንደ ቆዳ ተልጧል፣ በጣቴ ስነካው ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት ይረግፋል፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ አፉ ድረስ ሞልቶ ጎረቤት አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፍ። መጋቢት ላይ ያ ቦታ በሙሉ አዲስ ቀለም ነበር፣ ከታች ብቻ። አሁን ቴሌግራም ላይ ያለው ፎቶ ላይ ደግሞ ከታች ሴራሚክ ለጥፈውበታል፣ ያምራል። በሐይቁ በኩል የምትገዙ ከቻላችሁ መስከረም ላይ እዩ፣ ካልቻላችሁ የጎረቤቱን ግድግዳ እዩ፣ ጎረቤት ለናንተ ብሎ ቀለም አይቀባም፣ ጉድጓዱንም አስከፍቱ፣ ሻጩ ቅር ቢለው ቅር ይበለው።

ለምትሸጡም አንድ ነገር፣ የካርታውን ኦርጅናል ለደላላ "ለገዢ ላሳይ" ብሎ ሲጠይቅ አትስጡ፣ ኮፒ ይበቃዋል፣ የመጨረሻው ብር አካውንታችሁ ሳይገባም ስም አታዛውሩ። እናንተም ብትሆኑ ዋጋ ዝቅ እናርግ የሚል ገዢ ይመጣባችኋል፣ ቀሪውን ቢክዳችሁ በምን ትጠይቁታላችሁ?

እኔ ለጊዜው 1.2ቱን ራሱ አልተቀበልኩም፣ ፍርዱ ገና አፈጻጸም ላይ ነው፣ ብሩን የማስከፈሉ ክርክር ላይ፣ ጠበቃዬ ማስታወቂያውን ፕሪንት አድርጎ ቤቱ እንዳይሸጥ እግድ ሊጠይቅ ነው። ደላላው ግን በቀደም ደወለ። የቀረች ኮሚሽን አለች ይላል። 2 ፐርሰንት ነበር ስምምነታችን፣ ያኔ ግማሹን ሰጥቼዋለሁ፣ ከስንቱ ነው የምታስበው አልኩት። "ከ3.8 ነዋ እህቴ፣ ጠቅላላው 76 ሺህ፣ ቤቱ የተሸጠው በ3.8 አይደል እንዴ?" አለኝ። ይሄንኑ ለዳኛው ንገርልኝ ስለው ዘጋው።